የቡና ገለባ፣ ማግኔትና እርሾ፦ ኢንዛይምን አስሮ ደጋግሞ የመጠቀም መመሪያ

ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ውድ ነው። ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ደግሞ ከምርቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ወጥ ውስጥ የገባ ጨው ተመልሶ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟን ኢንዛይም መልሶ መሰብሰብም ጣጣ ነው። መፍትሔው ኢንዛይሙን ከማይሟሟ ነገር ጋር ማሰር ነው። ከዚያ ጠጣሩን ከፈሳሹ ስታወጡ ኢንዛይሙም አብሮ ይወጣል፤ ነገም ይሠራል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1916 እ.ኤ.አ. ኔልሰንና ግሪፊን የተባሉ ተመራማሪዎች ኢንቨርቴዝ የተባለው ኢንዛይም ከሰል ላይ ተለጥፎ እያለም ስኳር መሰንጠቁን እንደማያቆም አሳዩ። ዛሬ የምንሠራውም ያንኑ ኢንዛይም በከሰል ላይ ነው። ልዩነቱ ከሰሉ የቡና ገለባ መሆኑና ማግኔት የሚስበው መሆኑ ነው።

ማግኔቱ ለምን አስፈለገ? የከሰል ዱቄት ደቃቅ ስለሆነ ማጣሪያ ወረቀት ይደፍናል። ሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት እያሽከረከረ ጠጣሩን ከፈሳሽ የሚለይ መሣሪያ) ደግሞ ወረፋ አለው፤ መብራትም ይፈልጋል። በማግኔት ሲሆን ግን ብርጭቆውን ጎን ላይ ትይዙታላችሁ፣ ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል፣ የጠራውን ውሃ ትደፋላችሁ። ማጠብ ቀላል ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ኬሚስትሪው ብዙም እንደማያስቸግር ነው። ሙከራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እጥበት ላይ ነው። ስለዚህ ከታች «እጠቡ» የሚለው ቃል ቢሰለቻችሁም ታገሡኝ።

መመሪያው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ላብራቶሪ ላላቸው አስተማሪዎች ነው። አሞኒያና ግሉታራልዲሃይድ ስላሉበት ወጥ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም።

የትኛው ገለባ?

ብዙ ሰው «የእርሻ ቆሻሻ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው የጤፍ ጭድ ነው። እኔ ጭድን አልመርጥም። ጭድ ቆሻሻ አይደለም፤ ከብት ይበላዋል፣ ለቤት ምርጊት ከጭቃ ጋር ይቦካል። የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ ገለባም ጥሩ ነው፤ ግን ስኳር ፋብሪካዎች ራሳቸው ለእንፋሎት ያነዱታል። የፎገራ የሩዝ ገለባ ሲሊካ ስለሚበዛበት ጠባዩ ለየት ይላል።

የቡና ገለባ ግን በደረቅ ቡና መፈልፈያዎች ደጃፍ ይከመራል። ካፌይንና ታኒን ስላለበት ለከብት እንደልብ አይሰጥም። አብዛኛው ይቃጠላል ወይም ይጣላል። ስለዚህ ወስዳችሁ ብትጠቀሙበት የሚከፋው የለም። ቡና የሌለበት አካባቢ ያላችሁ የጫት ገራባም ትችላላችሁ፤ እንጨትነት ስላለው በደንብ ይከስላል።

አንደኛ፦ ገለባውን ማጠብና ማክሰል

ግማሽ ኪሎ ገለባ ውሰዱ። ድንጋዩን፣ ክሩንና የተሰባበረውን ቡና ልቀሙ። በቧንቧ ውሃ አጥባችሁ፣ በብዙ ውሃ ለ30 ደቂቃ አፍሉት። ውሃው ሻይ ይመስላል። ድፉትና በአዲስ ውሃ እንደገና አፍሉ። ውሃው እስኪነጣ፣ ማለትም ሦስት አራት ጊዜ።

ይህን የማስጨንቀው በታኒኑ ምክንያት ነው። ቆዳ ፋቂዎች ጥሬ ቆዳን በዛፍ ልጥ የሚያለፉት ታኒን ፕሮቲንን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ኢንዛይምም ፕሮቲን ነው። ገለባው ውስጥ የቀረ ታኒን ኢንዛይማችሁንም እንደ ቆዳ ያለፋዋል። በዚያ ላይ ኋላ ፕሮቲን ስትለኩ ቁጥሩን ያዛባል። «ሲከስል ይቃጠል የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አብዛኛው ይቃጠላል። ግን በመጠኑ ሙቀት የከሰለ ገለባ ቡናማ ዘይት መሰል ነገር ይተዋል፤ ምንጩን አስቀድሞ መቀነስ ይሻላል።

በዲስትልድ ውሃ አለቅልቁና በኦቨን በ105 ዲግሪ አሳድሩት። ፈጩ። በ250 ማይክሮሜትር ወንፊት ንፉ።

ዱቄቱን ክዳን ባለው የሸክላ ክሩሲብል (ሙቀት የሚችል ትንሽ ማሰሮ) ውስጥ ጠቅጥቃችሁ ሙሉ። አየር ከገባ አመድ እንጂ ከሰል አታገኙም፤ ክዳኑ ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ብትጠቀልሉ ጥሩ ነው። እቶኑ በደቂቃ 10 ዲግሪ እየጨመረ 450 ዲግሪ ይድረስ፣ እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ይቆይ። ጭስ ይኖራልና አየር የሚወጣበት ክፍል ይሁን። ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ፤ የጋለ ከሰል አየር ሲያገኝ ይያያዛል። ከገባው አንድ ሦስተኛ ገደማ ከሰል ሆኖ ይወጣል።

እንደገና እጠቡ። የቡና ገለባ ፖታሲየም ስለሚበዛበት ከሰሉ ውሃውን አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርገዋል። መጀመሪያ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 7 እስኪጠጋ በዲስትልድ ውሃ። እዚህ ገና ማግኔት አይስበውምና ማጣሪያ ወረቀትን መታገሥ ግድ ነው። አድርቁት።

ሁለተኛ፦ ከሰሉን ማግኔታዊ ማድረግ

የምንፈልገው ማግኔታይት የተባለውን ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው። ፌረስና ፌሪክ የተባሉት ሁለቱ የብረት ዓይነቶች፣ አንድ እጅ ፌረስና ሁለት እጅ ፌሪክ፣ አንድ ላይ ሆነው አልካላይ ሲገጥማቸው ይፈጠራል። ሁለት ለአንድ የሚባለው በሞል (በቅንጣቶች ብዛት) ነው፤ በግራም አይደለም። በዚህ የሚሳሳት ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

200 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ ውሃ ለ10 ደቂቃ አፍሉና ከድናችሁ አብርዱ። ኦክስጅኑን ለማስወጣት ነው። ናይትሮጅን ጋዝ ካላችሁ እሱን እያንፎለፎላችሁ ሥሩ። 5 ግራም ከሰል ጨምሩ፤ ከዚያ 5.4 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬትና 2.8 ግራም ፌረስ ሰልፌት ሄፕታሃይድሬት። ፌረስ ሰልፌቱን ከመመዘናችሁ በፊት ቀለሙን ተመልከቱ። ፈዛዛ አረንጓዴ መሆን አለበት። ዝገት መሰል ቡናማ ከያዘው አሮጌ ነው፤ ተዉት።

በ70 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አማስሉ፣ ብረቱ ከሰሉ ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። ከዚያ ፊዩም ሁድ (ጋዝ ስቦ የሚያስወጣ የላብራቶሪ ቁም ሳጥን) ውስጥ 25 በመቶ አሞኒያ በጠብታ ጨምሩ፣ ፒኤቹ ከ10 እስከ 11 እስኪደርስ። ተጨማሪ አንድ ሰዓት በዚያው ሙቀት ይማሰል።

አሁን ከመጀመሪያ ሙከራዬ የቀረልኝን ልንገራችሁ። ማማሰያው ላይ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ እጅ የሚለምደው ማግኔቲክ ስተረር፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ የገባ የማግኔት ዘንግን ከሥር የሚያሽከረክር ማማሰያ ነው፤ እኔም ቢከሩን እሱ ላይ አስቀምጬ አሞኒያውን ማንጠብጠብ ጀመርኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፈሳሹ ጠራ። ምን ነካው ብዬ ሳየው ያ ሁሉ የሠራሁት ማግኔታይት የስተረሩ ዘንግ ላይ እንደ ጃርት ተሰክቷል። ማላቀቅ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ሁሉም አልወጣም። ከላይ የሚወርድ የሞተር ማማሰያ ተጠቀሙ። ከሌለ የመስታወት ዘንግና ትዕግሥት። በኋላ ለሚመጡት ደረጃዎች ሁሉ ሼከር (የሚወዘውዝ መሣሪያ) ይበቃል። ማንኪያውም ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ይሁን።

የወጣው ነገር ጥቁር መሆን አለበት። ቡናማ ወይም ቀይ ካደላ ብረቱ ዝጓል፤ ማግኔትም በደካማው ነው የሚስበው። ያን ይዞ ከመቀጠል እንደገና መጀመር ይቀላል።

ለመሳቢያ ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚወጣው ኒዮዲሚየም ማግኔት አንደኛ ነው። የስፒከር ማግኔትም ይሠራል፣ ቀስ ይላል እንጂ። የትኛውም ቢሆን በፌስታል ጠቅልሉት። ራቁቱን ማግኔት ይህ ዱቄት ከነካው ዕድሜ ልኩን አይጠራም።

በዲስትልድ ውሃ አምስት ስድስት ጊዜ እጠቡ፣ የአሞኒያው ሽታ ጠፍቶ ፒኤቹ 7 እስኪሆን። ብረት ያልያዘ ከሰል ከውሃው ጋር ይደፋል። አትዘኑለት፤ ኋላ ሥራ ላይ ቢቀር እሱው ነበር የሚጠፋባችሁ። ደጋግሞ መሳብ ራሱ ማበጠሪያ ነው። በ60 ዲግሪ አድርቁ። ስሌቱ 2.3 ግራም ያህል ማግኔታይት ይሰጣል፤ ከከሰሉ ጋር ከ7 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ነው፣ በእጥበት ከሚጠፋው በቀር።

ሦስተኛ፦ ኢንዛይሙ የሚጨብጠው እጅ

ከሰልና ብረት ለብቻቸው ኢንዛይምን በደካማው ነው የሚይዙት። ጠንካራ እስር ከፈለግን አሚን የተባለው የናይትሮጅን ቡድን ላዩ ላይ ያስፈልገናል። እኔ ኪቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ፣ አሚን ያለው ንጥረ ነገር) እመርጣለሁ፤ መርዝነት የለውም፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ላብራቶሪያችሁ አሚኖ ሳይሌን ካለው እሱም ይሆናል።

ግማሽ ግራም ኪቶሳን በ50 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ውስጥ አሟሙ። ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ከዋዜማው ጀምሩ። 2 ግራም ማግኔታዊ ከሰል ጨምራችሁ ለአንድ ሰዓት አነቃንቁ። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ አሲድ ብረቱን ይበላል። 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አንጠብጥቡ፣ ፒኤቹ 10 አካባቢ ሲደርስ ኪቶሳኑ ጠጥሮ ከሰሉን ያለብሰዋል። እስከ 7 እጠቡ። አታድርቁት። የደረቀ ኪቶሳን ተኮማትሮ ይቀራል። እንደረጠበ አስቀምጡና፣ ከእሱ ቆንጠር አድርጋችሁ መዝናችሁ፣ አድርቃችሁ ደግማችሁ መዝኑ። ኋላ «100 ሚሊ ግራም ደረቅ» ስል ስንት እርጥብ እንደሆነ በዚያ ታሰላላችሁ።

ቀጥሎ ድልድዩ። 5 ሚሊ ሊትር የ25 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ከ45 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ፎስፌት በፈር (ፒኤቹ በቀላሉ የማይለወጥ ፈሳሽ) ጋር ቀላቅሉ፣ ፒኤች 7። ግሉታራልዲሃይድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ኪቶሳኑን ይይዛል፣ ሌላው ኢንዛይሙን ይጠብቃል። ጓንት፣ መነጽርና ፊዩም ሁድ ግድ ናቸው፤ ዓይንንና ሳንባን ያቃጥላል። ለሁለት ሰዓት በክፍሉ ሙቀት አነቃንቁ።

ከዚያ እጠቡ። ስድስት ጊዜ፣ ስምንት ጊዜ። ነፃ ግሉታራልዲሃይድ ከቀረ ኢንዛይሞችን እርስ በርሳቸው ያስርና ሥራ ያስፈታቸዋል። መጥራቱን በሺፍ ሪኤጀንት ማወቅ ይቻላል፤ የእጥበቱ ውሃ ላይ ሲንጠባጠብ ሐምራዊ ሮዝ ካመጣ ገና ነው። ተሸካሚው፣ ማለትም ይህ ኢንዛይሙን የሚሸከመው የተዘጋጀ ከሰል፣ ከዚህ በኋላ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ይዋል።

አራተኛ፦ ኢንዛይሙን ከእርሾ ማውጣት

ኢንቨርቴዝ ስኳርን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጥቃል። ንብ የአበባ ወለላን ወደ ማር ስትለውጥም የሚካሄደው ሥራ ይኸው ነው። ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 እ.ኤ.አ. ዝነኛውን ቀመራቸውን ያወጡትም በዚሁ ኢንዛይም ላይ ሠርተው ነው። ከሱቅ በሚገዛ የዳቦ እርሾ ውስጥ ሞልቷል።

10 ግራም ደረቅ እርሾ በ40 ሚሊ ሊትር የ0.1 ሞላር ሶዲየም ባይካርቦኔት በጥብጡ። በ40 ዲግሪ አሳድሩት፣ ክዳኑን ሳታጠብቁ። የእርሾው ሴሎች ራሳቸውን ፈጭተው ኢንዛይሙን ይለቃሉ። ሽታው አይወደድም፣ ይታገሡታል። በቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሩና ላይ ያለውን የጠራ ፈሳሽ ያዙ።

በቀጥታ ከተሸካሚው ጋር አትቀላቅሉ። ፈሳሹ ውስጥ እርሾው የለቀቃቸው አሚኖ አሲዶች ሞልተዋል፤ እነሱ ከኢንዛይሙ ቀድመው ግሉታራልዲሃይዱን ይይዙታል፣ ቦታው አለቀ ማለት ነው። በዲያሊሲስ ከረጢት (ትናንሽ ሞለኪውሎችን አሳልፎ ኢንዛይሙን የሚያስቀር) ውስጥ አድርጋችሁ በ0.05 ሞላር ፎስፌት በፈር፣ ፒኤች 7፣ በፍሪጅ አሳድሩት፤ በፈሩን ሁለቴ ቀይሩ። ትሪስ በፈር በጭራሽ፤ እሱ ራሱ አሚን ነው። ኢንዛይሙን ገዝታችሁም ቢሆን ዲያሊሲሱ አይቀርም፣ ማቆያ ኬሚካል ይጨመርበታልና።

ፕሮቲኑን በብራድፎርድ ዘዴ (ፕሮቲን ሲያገኝ ቀለሙ በሚለወጥ ማቅለሚያ) ለኩ፤ ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለው የብርሃን መለኪያ በ595 ናኖሜትር አንብቡ። በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም እንዲሆን አቅጥኑት።

አምስተኛ፦ ማሰር

100 ሚሊ ግራም ደረቅ የሚያህል ተሸካሚ፣ 5 ሚሊ ሊትር ኢንዛይም። 4 ዲግሪ ላይ ቀስ እያለ እየተገላበጠ ይደር። በቃ። ዋናው ደረጃ የሚባለው ይህ ነው፤ ከሁሉም አጭሩም ነው።

ጠዋት በማግኔት ሳቡና ፈሳሹን አትድፉ! ሳይታሰር የቀረው ፕሮቲን የሚለካው እዚያ ውስጥ ነው። በበፈር ሦስቴ፣ 1 ሞላር ጨው ባለው በፈር አንዴ እጠቡ፤ እያንዳንዱን ውሃ ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡ። ጨዉ ሳይታሰር እንዲሁ የተለጠፈውን ኢንዛይም ያስለቅቃል። በመጨረሻ በ0.1 ሞላር ግላይሲን ለአንድ ሰዓት አቆዩት፣ ክፍት የቀሩትን የግሉታራልዲሃይድ ጫፎች እንዲዘጋ፤ አንዴ አለቅልቁ።

ጎን ለጎን ሁለት ማነጻጸሪያ ይሠራ። አንዱ ኢንዛይም ያልገባበት ተሸካሚ፤ ሌላው ግሉታራልዲሃይድ ሳይነካው ኢንዛይም የገባበት። እነዚህ ከሌሉ «ታሰረ» የሚለውን ማንም አያምናችሁም፤ ልክም ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ 5 ሚሊ ግራም ፕሮቲን አስገብታችሁ በእጥበቶቹ ሁሉ 1.2 ሚሊ ግራም ካገኛችሁ፣ 3.8 ታስሯል። 76 በመቶ ነው፤ በአንድ ግራም ተሸካሚ 38 ሚሊ ግራም። ግን መታሰር መሥራት አይደለም። መጥፎ ቦታውን ተይዞ የታሰረ ኢንዛይም እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሥራውን ለኩ።

ስድስተኛ፦ ይሠራል ወይ?

0.2 ሞላር ስኳር በ0.05 ሞላር አሴቴት በፈር፣ ፒኤች 4.8 ገደማ፣ 50 ዲግሪ። የታሰረውን ኢንዛይም ጨምራችሁ በደንብ እያነቃነቃችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ ማግኔቱን አስጠጉ፣ ከጠራው ፈሳሽ ቀድታችሁ ዲኤንኤስ ሪኤጀንት (ግሉኮስና ፍሩክቶስ ሲያገኝ ቀለሙ የሚለወጥ ኬሚካል) ውስጥ ጨምሩ። ለ5 ደቂቃ አፍልታችሁ በ540 ናኖሜትር አንብቡ። ጥቁር ቅንጣት አብሮ ከገባ ንባቡን ከፍ ያደርገዋልና አትቸኩሉ።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው። አንድ ስኳር ሲሰነጠቅ ሁለት ስኳሮች ይወጣሉ፤ ዲኤንኤስ ሁለቱንም ይቆጥራል። ስለዚህ የተሰነጠቀውን ስኳር ለማግኘት ለሁለት ማካፈል አለባችሁ። አለዚያ ኢንዛይማችሁ እጥፍ ጎበዝ ይመስላል። ስፔክትሮፎቶሜትር ከሌለ የስኳር ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ግሉኮሱን በግምት ያሳያል። ለደም የተሠራ ስለሆነ ፈሳሹን አቅጥናችሁ፣ በምታውቁት የግሉኮስ ውህድ አስቀድማችሁ አመሳክሩት። ለማስተማሪያ ይበቃል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም።

የታሰረው ከነፃው ያነሰ ቢሠራ አትደንግጡ። ስኳሩ ወደ ቀዳዳው ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። ኪቶሳን አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው ደግሞ ኢንዛይሙ የሚወደው ፒኤች ወደ አሲድ ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል። ፒኤች ከ4 በታች ግን አትውረዱ፣ ማግኔታይቱ ይሟሟል። ሲትሬት በፈርም አትጠቀሙ፤ ብረትን እየለቀመ ያወጣል።

አሁን ደጋግማችሁ ሥሩበት። ሳቡ፣ እጠቡ፣ አዲስ ስኳር ጨምሩ፤ አሥር ዙር። የመጀመሪያውን መቶ ብላችሁ ሌላውን በእሱ አስሉ። አቅሙ ከቀነሰ «ኢንዛይሙ ሞተ» ለማለት አትፍጠኑ። ምናልባት ዱቄቱ ከውሃ ጋር እየተደፋ ነው፤ በመጨረሻ አድርቃችሁ ስትመዝኑ ይታወቃል። ወይም ኢንዛይሙ እየፈታ ነው። ይህን ለማወቅ በአንዱ ዙር መሐል ተሸካሚውን አውጡና ፈሳሹን ብቻውን በ50 ዲግሪ ተዉት። ስኳር መሰንጠቁ ከቀጠለ ያመለጠ አለ።

ግሉታራልዲሃይድ የነካው ውሃ ወደ ፍሳሽ አይደፋ። ትርፍ ግላይሲን ወይም ሶዲየም ባይሰልፋይት ጨምራችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ ወደ ኬሚካል ማስወገጃው። የተረፈውን የታሰረ ኢንዛይም በፒኤች 6 በፈር ውስጥ እንደረጠበ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ፤ ፍሪዘር ውስጥ አይግባ። ጠርሙሱ ላይ ቀኑንና ስንት ዙር እንደሠራ ጻፉበት፤ ጥቁር ዱቄት ሁሉ አንድ ይመስላል።